ዙድ፦ በመጋቢት የሚሞተው በግ በነሐሴ የተፈረደበት ነው

እ.ኤ.አ. ከ2023 መጨረሻ እስከ 2024 አጋማሽ ባለው ጊዜ ሞንጎሊያ ከ7 ሚሊዮን በላይ እንስሳት አጣች። ከአገሪቱ መንጋ ከአሥር አንዱ፣ ከዚያም በላይ አለቀ ማለት ነው። በዜና የታየው ነጭ ሜዳ ላይ የተደረደረ በድን ስለነበር፣ ያየው ሰው ሁሉ ብርድ ፈጃቸው ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም። ነገር ግን በጥር ሌሊት ከዜሮ በታች 30፣ አንዳንድ ቦታም 40 ዲግሪ መድረስ በዚያ አገር የየዓመቱ ነገር ነው። በጎቹ ይህን ብርድ ለብዙ ትውልድ ኖረውበታል። የፈጃቸው ረሃብ ነው፤ ረሃቡ ደግሞ የተጀመረው በረዶው ከመጣሉ ወራት በፊት ነው።

ሞንጎሊያውያን እንዲህ ያለውን የእንስሳት እልቂት ዙድ ይሉታል። ከሰባት ዐሥርት ዓመታት በላይ የሚታወሱ ከባድ ዙዶች አሉ፦ የ1944–45፣ በተከታታይ ሦስት የብርድ ወቅቶች ከ10 ሚሊዮን በላይ እንስሳት ያለቁበት የ1999–2002፣ ከ8 ሚሊዮን በላይ ሞተው ወደ 9 ሺህ የሚጠጉ ቤተሰቦች አንድም ከብት ሳይቀርላቸው የወጡበት የ2009–10። ቀድሞ በአሥር ዓመት አንዴ ይመጣል ይባል የነበረው አሁን በየአንድና ሁለት ዓመቱ የሚመላለስ ሆኗል። እርዳታውም ሆነ ክርክሩ ግን ዛሬም የሚነሣው በረዶው ከወረደ በኋላ ነው፤ የችግሩ ዋና ቁልፍም እዚህ ላይ ያለ ይመስለኛል።

በረዶው ምን ያደርጋል?

በዚያ የብርድ ወቅት ከብት የሚበላው በቁሙ የደረቀውን ሣር ነው። ሣሩ ከበረዶው ሥር አለ፤ ጥያቄው ማን ይደርስበታል ነው። ፈረስ በፊት ኮቴው እየጫረ ጥልቅ በረዶ ይከፍታል። በግና ፍየልም ይጭራሉ፣ አቅማቸው ግን በረዶው ከአንድ ስንዝር እስካላለፈ ድረስ ነው። ላምና በሬ ጭረው የመብላት ልማድ የላቸውም፤ በአፍንጫቸው ገፋ ገፋ አድርገው የሚያገኙትን በምላሳቸው ይጠቀልላሉ። ግመል ደግሞ ከበረዶው በላይ ብቅ ያለ ቁጥቋጦ ይፈልጋል። ስለዚህ ልምድ ያለው እረኛ ፈረሶቹን አስቀድሞ ሜዳውን ያስጭራቸዋል፣ በጎቹን በዱካቸው ያስከትላል፣ ከብቱን መጨረሻ ያሰማራል። ፈረሱን የሸጠ ወይም በሌባ ያጣ ቤተሰብ በጎቹን መንገድ የሚከፍትላቸው የለም።

በረዶው ጥልቅ ሆኖ ሣሩን ሲቀብረው ነጭ ዙድ ይባላል። ከዚህ የከፋው ግን የብረት ዙድ ነው። በኅዳር ወይም በታኅሣሥ ድንገት አየሩ ሞቅ ይልና የበረዶው ገጽ ይቀልጣል፣ ወይም በበረዶው ላይ ዝናብ ይጥላል፤ ማታ ተመልሶ ሲቀዘቅዝ ሜዳው በሙሉ በግግር ይለበዳል። ጥልቀቱ ጥቂት ጣት ቢሆን እንኳ ሰኮና አይሰብረውም። ሊሰብር የሚታገል እንስሳ ደግሞ የግግሩ ጠርዝ ከሰኮናው በላይ ያለውን ቆዳ ይቆርጠዋል፤ ጠዋት የተሰማራ መንጋ ከኋላው የደም ነጠብጣብ ትቶ ከሄደ እረኛው ነገሩ ምን እንደሆነ ያውቃል። የአየሩ መሞቅ ለከብቱ ይጠቅማል ብሎ የሚያስብ ሰው ቢኖር ይህን ይመልከት፤ በብርድ ወቅት መካከል የምትመጣ አንድ ሞቃት ቀን ከአንድ ሳምንት ብርድ የበለጠ ትጎዳለች።

ተቃራኒውም አለ። በረዶ ጨርሶ ካልጣለ ጥቁር ዙድ ይሆናል። በብርድ ወራት መንጋው የሚጠጣው የለም፤ በረዶ እየላሰ ነው የሚኖረው። በረዶ ከሌለ ውኃ ወደሌለበት ግጦሽ መሄድ አይቻልም፣ ወንዙም በግግር ተሸፍኗል። ከብቱ ግግሩ ተሰብሮ ወደሚጠጣበት ቦታ ሲመላለስ የበላውን በመንገድ ይጨርሳል። ሌላው የሰኮና ዙድ ነው፤ ሣር ተረፈ ወደተባለበት አካባቢ ከየአቅጣጫው መንጋ ይጎርፍና ሣሩ ከመበላቱ በፊት ይረገጣል። ይህ ሰማዩ ያላመጣው፣ ሰው ለሰው ያመጣው ዙድ ነው፤ ቁጥሩም እየጨመረ ነው።

ሁሉም ነገር ስቡ ላይ ነው

አመስኳ እንስሳ ብርድን የሚቋቋመው በሁለት ነገር ነው። አንዱ ጨጓራው ነው፤ ሣሩ እዚያ ሲብላላ የሚወጣው ሙቀት ሌሊቱን ሙሉ እንደሚነድ ምድጃ ያሞቀዋል። ሆዱ የሞላ፣ ጸጉሩ ያልተሸለተና ያልረጠበ በግ ከዜሮ በታች ብዙ ዲግሪ ድረስ ያለ ጭንቀት ያድራል። ሆዱ ባዶ የሆነ ግን በዚያው ሌሊት ስቡን፣ ስቡ ሲያልቅ ሥጋውን ማቃጠል ይጀምራል።

ሁለተኛው ከሰኔ እስከ ጥቅምት በላቱ፣ በሽንጡና በኩላሊቱ ዙሪያ ያጠራቀመው ጮማ ነው። በደህና ዓመት እንኳ የሞንጎሊያ በግ በጥቅምት ከነበረው ክብደት እስከ ሩብ ያህሉን አጥቶ ነው ሚያዝያ የሚደርሰው። የሰኔና የሐምሌ ዝናብ ከቀረ ሣሩ አጭር ይሆናል፣ የቀትሩ ሙቀት ሲበረታም በጎች መጋጥ ትተው በየጥላው ይቆማሉ፤ በጉ ጮማ ሳይዝ ይገባል። በነሐሴ ያልሞላ ላት በኅዳር አይሞላም። በረዶው ያን ዓመት እንደ ወትሮው ቢሆን እንኳ ከሲታው በግ ከየካቲት አያልፍም።

ክሳቱን በዓይን ማየት አስቸጋሪ ነው፤ የብርድ ወቅት ጸጉር ወፍራም ስለሆነ አጥንቱ የወጣ በግ እንኳ ድቡልቡል ይመስላል። የሚታወቀው በእጅ ነው። ከመጨረሻው ጎድን አጥንት ኋላ ሽንጡ ላይ መዳፍን አሳርፎ ጣቶችን ወደ ታች መጫን ነው። የአከርካሪው ጫፎች ደፍነው ክብ ሆነው ከተሰሙ ደህና ነው። እንደ መጋዝ ጥርስ አንድ በአንድ ከተቆጠሩና ከጎን የሚወጡት አጥንቶች ሥር ጣት የሚገባ ከሆነ ስቡ አልቆ ሥጋው መበላት ጀምሯል። ከአንድ እስከ አምስት በሚሰጠው የሰውነት ነጥብ፣ እርጉዝ በግ ወደ ብርድ ወቅት ስትገባ ከሦስት ባታንስ ይመረጣል። በጥር ከሁለት በታች የወረደችውን ከመንጋው መለየት ግድ ነው፤ ከሌሎቹ ጋር እኩል ርቀት ከተጓዘች በመንገድ የምታጠፋው ከምትበላው ይበልጣል።

አንድ ነገር ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። የደረቀው ሣር ቢገኝና ሆድ ቢሞላም፣ በውስጡ ያለው ፕሮቲን በጣም ትንሽ ነው። በጨጓራው የሚኖሩት ረቂቅ ተሕዋስያን ፕሮቲን ካጡ ጭራሮውን መፍጨት ያቅታቸዋል፣ እንስሳው ሆዱ ተነፍቶ ይራባል። ስለዚህ ከ100 እስከ 200 ግራም ፉርሽካ ወይም ፋጉሎ በቀን ለአንድ በግ ቢሰጥ፣ የሚጠቅመው በራሱ ኃይል ብቻ አይደለም፤ ደረቁን ሣር ወደ ምግብነት እንዲለወጥ ያደርገዋል። ጨውና የሶዳ አፈር ማስላስም የምግብ ፍላጎትን ይከፍታል።

እህል ግን አደገኛ ነው። በዙድ መካከል የእርዳታ መኪና ገብስ ወይም ስንዴ ያራግፋል፣ ቤተሰቡም አዝኖ ለተራበው መንጋ በሳፋ ይሰጣል። በሁለተኛው ቀን ጠንካሮቹ በጎች ሆዳቸው ተነፍቶ፣ ተቅማጥ ይዟቸው፣ ተኝተው ይቀራሉ። ድንገት የገባው እህል በጨጓራ ውስጥ በፍጥነት ወደ አሲድ ስለሚለወጥ ደምን ይመርዛል። ቀድሞ ተጋፍቶ ብዙ የሚበላው ጠንካራው ስለሆነ መጀመሪያ የሚሞተውም እሱ ነው። መደረግ ያለበት ድርቆሽ አስቀድሞ አብልቶ፣ ከዚያ ለአንድ በግ 50 ግራም ያህል በመስጠት መጀመርና በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ መጨመር ነው። ከእህሉ ጋር ይህ ምክር ካልተላከ እህሉን አለመላክ ይሻላል።

የድርቆሹ ሒሳብ

ድርቆሽ ይከማች የሚለው ምክር ትክክል ነው፣ ግን ሒሳቡ ይታሰብ። 400 በግና ፍየል ያለው ቤተሰብ መካከለኛ አርቢ ነው። መንጋውን ከግጦሽ አስቀርቶ በድርቆሽ ብቻ ለማኖር ለአንዱ በቀን 1.5 ኪሎ፣ ለሁሉም 600 ኪሎ ይፈልጋል። ለሁለት ወር 36 ቶን ይሆናል፤ እስሩ 20 ኪሎ ቢሆን 1,800 እስር። አንድ ቶን በምትጭን አነስተኛ መኪና 36 ምልልስ ነው። ይህን የሚያጭድ ጉልበት፣ የሚገዛም ገንዘብ ያለው ቤተሰብ ጥቂት ነው።

ስለዚህ ድርቆሽ ግጦሽን አይተካም፤ የተመረጡትን ብቻ ያድናል። ከ400ው ውስጥ 80 ደካማና እርጉዝ ለይቶ በቀን አንድ አንድ ኪሎ ለሁለት ወር መስጠት 4.8 ቶን፣ ማለትም 240 እስር ይፈጃል። ይህን አባት ከሁለት ልጆች ጋር በነሐሴና በመስከረም ሊያዘጋጀው ይችላል። የሚበላሸውም በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው፦ ዘግይቶ በመስከረም መጨረሻ የታጨደ ሣር ጭራሮ ሆኗል፤ ሳይደርቅ የተከመረው ይሻግታል፤ አጥር ያልታጠረለትን ደግሞ የመንገደኛ ፈረስ በአንድ ሌሊት ይበትነዋል።

ዋናው ስንቅ በየብርድ ወቅት ሰፈሩ ዙሪያ ያለው ያልተጋጠ ሜዳ ነው። አርቢው በሙቀቱ ወራት ርቆ የሚሰፍረው ለዚሁ ነው፤ የብርዱ ወቅት ግጦሽ ከሰኔ እስከ ጥቅምት ማንም ሳይነካው መቆየት አለበት። አንድ ጎረቤት ብቻ በመስከረም ቀድሞ ቢገባበት የሁሉም ስንቅ ተበላ።

በረትና ቤት

የብርድ ወቅት ሰፈር ከሰሜን ነፋስ በተራራ የተከለለ፣ ፊቱን ወደ ደቡብ ያደረገ ቦታ ነው። ጉረኖው ሦስት ጎኑ የተዘጋ መጠለያና ከፊቱ ክፍት አጥር አለው። ከግድግዳው በላይ የሚያስፈልገው ወለሉ ነው። ለዓመታት የተረገጠ የበግና የፍየል ፍግ ወፍሮ ደርቆ ይተኛል፤ ከታች ያለውን የቀዘቀዘ መሬት ከበጎቹ ሆድ ይለያል። ከመግባታቸው በፊት የላይኛው ሽፋን ተገልብጦ መድረቅ፣ የደረቀ የፍግ ዱቄትም መነስነስ አለበት። ይህ ካልተሠራ ሽንቱና ትንፋሹ ወለሉን ያረጥበዋል፣ ሌሊት ይረጋል፣ የበጎቹ ጸጉር ከወለሉ ጋር ይጣበቃል። ጣሪያውን ሙሉ በሙሉ መድፈንም ስሕተት ነው፤ ላቡ መውጫ አጥቶ ጸጉሩን ካረጠበው የሳንባ ምች ይገባል። በከባድ ሌሊት ደግሞ መንጋው ጥግ ላይ ተደራርቦ ከሥር ያሉትን ያፍናል፤ ስለዚህ ትልቅ ጉረኖ በአጥር መከፋፈልና ደካሞቹን ለብቻ ማሳደር ያስፈልጋል። ሌሊት አንድ ሁለቴ ተነሥቶ የሚያይ ሰውም አይታጣም፣ ተኩላም አለና።

ያው ፍግ ማገዶም ነው። በጉረኖው ወለል ላይ የተጠቀጠቀው በአካፋ እንደ ጡብ ተቆርጦ ይወጣና በሙቀቱ ወራት ይደርቃል። የላሙ ኩበት ቶሎ ይያያዛል፣ ቶሎም ያልቃል፤ ለጠዋት ሻይ እሱ ነው። የበጉ ፍግ ጡብ ግን ለመያያዝ ያስቸግራል እንጂ ከተያያዘ ብረቱን ምድጃ እስኪቀላ ያነዳዋል፣ ረዥም ሰዓትም ይቆያል። ኩበቱ በረዶ ሳይጥል ተለቅሞ፣ ተከምሮ፣ ከላይ በትኩስ እበት ተለቅልቆ ካልቆየ እርጥብ ማገዶ በጥር ቤተሰቡን ያስለቅሳል።

ቤቱ ጌር የሚባለው ክብ ድንኳን ነው፦ ተጣጥፎ የሚዘረጋ የእንጨት ፍርግርግ ግድግዳ፣ ወደ መሐል የሚገጥሙ ወራጆች፣ አናቱ ላይ ክብ ቀለበት፣ በሩ ወደ ደቡብ። ልብሱ ከበግ ጸጉር ተረግጦና ተጠቅልሎ የሚሠራ ወፍራም ምንጣፍ ነው፤ በብርድ ወቅት ሁለት ወይም ሦስት ድርብ ይደረጋል። ብርዱ በብዛት የሚገባው በግርጌው ስለሆነ ዙሪያውን በምንጣፍ ቀበቶ ታጥቆ ከውጭ በአፈር፣ በፍግ ወይም በበረዶ ይደፈናል። ምድጃው መሐል ላይ ነው፣ ቱቦውም በአናቱ ቀለበት ይወጣል። እሳቱ ሌሊት ይጠፋል፣ ባልዲው ውስጥ ያለው ውኃ ጠዋት ረግቶ ይገኛል። አስቀድማ የምትነሣው ብዙውን ጊዜ እናቲቱ ናት፤ እሳት አያይዛ፣ ጨውና ወተት የገባበት ሻይ እስኪፈላ ሌላው ከብርድ ልብሱ አይወጣም።

የሚያሰጋው ፍሙ ነው። ሙቀቱ እንዳያመልጥ ብሎ ፍም ሳይከስም የቱቦውን መዝጊያ የሚዘጋ፣ በተለይም በድንጋይ ከሰል የሚያሞቅ ቤት፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሞላዋል፤ ጋዙ ሽታ የለውም፣ ራስ ምታቱም እንደ ድካም ይቆጠራል። ቱቦው ውስጥ የተጋገረ ጥላሸትም ያንኑ ያደርጋል፤ በየጥቂት ሳምንቱ ቱቦውን አውጥቶ መምታት ያስፈልጋል።

ውኃ ለማግኘት ወንዙ ላይ ግግር በመጥረቢያ ተፈልጦ በጋሪ ወይም በሞተር ይመጣል፣ ጥላ ቦታ ይከመራል፣ እየተሰበረ ድስት ውስጥ ይገባል። በረዶ ማቅለጥም ይቻላል፣ ግን አዲስ የጣለ ደረቅ በረዶ አሥር ድስት ቢቀልጥ የሚወጣው አንድ ድስት ውኃ ያህል ነው። ለማገዶው ሲባል ግግሩ ይመረጣል። ምግቡ በኅዳር ይታረዳል፤ አንድ በሬ ወይም ላምና የተወሰኑ በጎች ለቤተሰቡ እስከ ሚያዝያ ይበቃሉ፣ ብርዱ ራሱ ማቀዝቀዣ ነውና። ከፊሉ እንደ ጣት ወፍሮ በረዥሙ ይዘለዘልና ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ተሰቅሎ ቋንጣ ይሆናል። ለእርድ ቀድመው የሚመረጡት ብርዱን የማይሻገሩት እንስሳት ናቸው፤ ስለዚህ ጓዳውና መንጋው በአንድ ሒሳብ ይመራሉ።

ቤተሰቡ በብርዱ መካከል የሚቆጥረው ዘጠኝ ጊዜ ዘጠኝ ቀን አለ። ከታኅሣሥ አጋማሽ ጀምሮ 81 ቀን በዘጠኝ ይከፈላል፤ በሦስተኛው ዘጠኝ የሦስት ዓመት፣ በአራተኛው የአራት ዓመት በሬ ቀንድ ይረጋል፣ በአምስተኛው የተቀቀለ ሩዝ መርጋት ይተዋል ይባላል። ቆጠራው መጋቢት መጀመሪያ ላይ ያበቃል፤ ያኔ ለሰው ብርዱ አልፏል። ለመንጋው ግን አስፈሪው ጊዜ ገና መግባቱ ነው። ስቡ ያለቀው አሁን ነው፣ ሽሉ ፈጥኖ የሚያድገው አሁን ነው፣ ግልገሉም የሚወለደው በመጋቢትና በሚያዝያ ነው፤ ነፋሱም ያን ጊዜ ይበረታል። የተራበች እናት ግቷ ደረቅ ሆኖ ግልገሏን ትታው ትሄዳለች። ግልገሉን ወደ ቤት አስገብቶ በጡጦ ማጥባት፣ እናት እንድትቀበለው አጠገቧ ሆኖ ማባበል ሁሉ ሰው ይፈልጋል።

ሰዉ ደግሞ የለም። ልጆች ከስድስት ዓመታቸው ጀምሮ በወረዳው ከተማ ይማራሉ፣ ትልልቆቹ በአዳሪ ቤት ያድራሉ። ሕፃኑን ለብቻው መተው ያልሆነላት እናት አብራ ወደ ከተማ ትገባለች፣ አባት በሰፈሩ ብቻውን ይቀራል። መንጋ ማሰማራት፣ ግግር መፍለጥ፣ ጉረኖ መጥረግ፣ ደካሞቹን ለይቶ ማብላት በአንድ ሰው እጅ ይወድቃል። መጀመሪያ የሚቀረው ለይቶ ማብላቱ ነው። ስለ ዙድ የሚጻፈው ብዙ ነገር የአየር ንብረትን ያነሣል፤ ይህን የጉልበት ማጣት ግን እንደ ዋና ምክንያት አያየውም፣ መታየት ግን ነበረበት።

ለምን በረታ?

የሞንጎሊያ አማካይ ሙቀት እ.ኤ.አ. ከ1940 ወዲህ ከ2 ዲግሪ በላይ ጨምሯል። የሙቀቱ ወራት ድርቅ መደጋገሙ፣ በብርዱ መካከል በረዶ መቅለጡና መርጋቱ ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ነገር ግን መንጋውም ያው አልቀረም። በ1990 26 ሚሊዮን ገደማ የነበረው ከሠላሳ ዓመት በኋላ 70 ሚሊዮን ደረሰ፤ ሜዳው ግን ያው ነው።

እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ከብቱ በአብዛኛው የኅብረት ሥራ ማኅበራቱ ነበር። ማኅበሩ ድርቆሽ ያሳጭዳል፣ ጉረኖ ይሠራል፣ ሰፈር ሲቀየር መኪና ይልካል፣ ማን የት እንደሚሰማራ ይወስናል። ሥርዓቱ ብዙ ጉድለት ነበረበት፤ ሲፈርስ ግን ከብቱ ለቤተሰቦች ሲከፋፈል ድርቆሹ፣ መኪናውና ውሳኔው ተከፋፍሎ የሚሰጥ ነገር አልነበረም፣ ጠፋ። በሕገ መንግሥቱ የግጦሽ መሬት የግል አይሆንም፤ ቤተሰቡ በውል የሚይዘው የብርድ ወቅት ሰፈሩን ቦታ እንጂ በዙሪያው ያለውን ሣር አይደለም። እንግዲህ ሣሩን ለብርድ ወቅት የሚቆጥበው ሰው ለራሱ መቆጠቡን በምን ያውቃል?

ካሽሚርም ሌላ ግፊት ጨመረ። ፍየል በሚያዝያ ተበጥራ 300 ግራም ያህል ለስላሳ ጸጉር ትሰጣለች፣ ለቤተሰቡም የዓመቱ ዋና ጥሬ ገንዘብ እሱ ነው። ስለዚህ የፍየል ቁጥር ከበጉ ጋር እስኪስተካከል አደገ። ፍየል ግን ላት የላትም፣ ስቧም ትንሽ ነው፤ በዙድ ከበግ ቀድማ ትወድቃለች። ዕዳ የሚያሳድደው ቤተሰብ ደግሞ ቶሎ ያበጥራታል፣ ከማበጠሩ በኋላ የመጣ አንድ የሚያዝያ ወጨፎ ጉረኖ ሙሉ ይጨርሳል።

ቁጥር ቀንሱ ማለት ቀላል ነው። በኅዳር ሁሉም ደካማውን ሲሸጥ ዋጋው ይወድቃል፣ የአፍተግር በሽታ ሥጋውን ወደ ውጭ ለመላክ እንቅፋት ሆኗል፣ የሩቅ ክፍለ ሀገር ነዋሪ ለመኪና የሚከፍለው ከበጉ ዋጋ ብዙ ይወስድበታል። ከብቱ የባንክ ቤት ቁጠባው፣ የብድር መያዣውም ነው። ይህ ሁሉ ባለበት አርቢውን ስግብግብ ማለት ተገቢ አይደለም።

እርዳታው መቼ ይድረስ?

በየካቲት የሚደርስ ድርቆሽ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። መንገዱ ተዘግቷል፣ ዋጋው ንሯል፣ በጉም ከሁለት ነጥብ ወርዷል፤ ያን ጊዜ የሚሰጠው ድርቆሽ የሚሞተውን ጥቂት ቀን ያቆየዋል። የአየር ትንበያው ክፍል በብርዱ መግቢያ የዙድ ስጋት ካርታ ያወጣል፤ የሣሩን ሁኔታ፣ ያለፈውን ድርቅና የመንጋውን ብዛት አንድ ላይ የሚያይ ነው። የቀይ መስቀል ማኅበር በዚህ ካርታ ተመርቶ ዙዱ ከመብረታቱ በፊት ለተጋለጡ ቤተሰቦች ጥሬ ገንዘብና የእንስሳት መድኃኒት ማድረስ ጀምሯል። ገንዘቡ ትንሽ ቢሆንም ወቅቱ ትክክል ነው፤ በኅዳር የተገዛ ጥቂት ጆንያ ፉርሽካና በጥቅምት የተሰጠ የትላትል መድኃኒት በየካቲት ከሚመጣ ሙሉ መኪና ይበልጣል።

እ.ኤ.አ. በ2006 በሙከራ የጀመረው የእንስሳት ኢንሹራንስ ደግሞ የእያንዳንዱን ሰው ሟች አይቆጥርም፤ በወረዳው ያለው የሞት መጠን ከተወሰነ መቶኛ ሲያልፍ ለገዙት ሁሉ ይከፍላል። ስለዚህ በጎቹን ተግቶ ያተረፈውም እኩል ይከፈለዋል፣ ስንፍና አይሸለምም። ጉድለቱ ክፍያው ቆጠራው ካለቀ በኋላ መምጣቱ ነው፤ የወደቀን ለማንሣት እንጂ እንዳይወድቅ ለማድረግ አይደርስም። መንጋው በሙሉ ያለቀበት ጎረቤት ወረዳው በአጠቃላይ ደህና ከሆነ ምንም አያገኝም።

ሌላ ቦታ ግጦሽ ፍለጋ መሄድ ኦቶር ይባላል፣ ጥንት ከዙድ ያወጣ የነበረውም እሱ ነው። ዛሬ ለዚህ የሁለቱ ወረዳዎች አስተዳዳሪዎች ስምምነት ያስፈልጋል፣ ስምምነቱ የሚደረገው ግን ብዙውን ጊዜ በረዶው ከጣለ በኋላ ነው። ያኔ የከሳ መንጋ ረዥም መንገድ ይነዳል፣ የተቀባዩ ወረዳ ሰዎችም የቆጠቡት ሜዳ በሰኮና ዙድ ሲረገጥ ያያሉ። ኦቶር የሚጠቅመው በነሐሴና በመስከረም፣ መንጋው ገና ስብ ለመያዝ ሲችል ከተሄደ ነው።

ዙዱ ካለፈም በኋላ ሒሳቡ አይዘጋም። የተረፈችው በግ ከሲታ ስለሆነች በጥቅምቱ የመራቢያ ወቅት ሳትፀንስ ልትቀር ትችላለች፣ ጉዳቱ ለቀጣዩ ዓመት ይሻገራል። ከ300 በግ 120 የቀረው ቤተሰብ አንድም ሳያርድና ሳይሸጥ እንኳ ወደ ነበረበት ለመመለስ ከሦስት እስከ አራት ዓመት ይፈልጋል፤ እየበላና እየሸጠ ሲኖር ደግሞ አምስት ያልፋል። የወሰደው ብድር ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚመለሰው በሚቀጥለው የካሽሚር ወቅት ነው። ለመክፈል የሚሸጠው የተረፉትን እናት በጎች ስለሚሆን፣ በረዶው ያስቀረውን የብድሩ ቀን ይወስደዋል። የመክፈያው ጊዜ ከመንጋው መራቢያ ዑደት ጋር ተገናዝቦ ቢያንስ ሦስት ዓመት ቢራዘም ብዙዎቹ ቤተሰቦች ወደ ዋና ከተማው ኡላንባታር ዳርቻ የድንኳን ሰፈር ከመሰደድ ይልቅ በሜዳቸው ሊቆዩ ይችላሉ።